ሪከርድ ያደረግነው ማክሮ የፋይል ስም ሲቀየር ለምን ይቆማል፣ ለማንኛውም ፋይል እንዲሰራስ ምን እናድርግ?

(ኤክሴል በየቀኑ ለሚጠቀሙ ሰዎች ከሰጠሁት ገለጻ የተጻፈ። ኮዶቹን በድምጽ እንዳነበብኳቸው ነው ያሰፈርኳቸው፣ ኤዲተሩ ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል ነው።)

እሺ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማክሮ (ኤክሴል ላይ የሰራችሁትን ቀድቶ በኋላ ራሱ የሚደግምላችሁ ኮድ) ሪከርድ አድርጋችሁ ቆንጆ አድርጎ ሰርቶላችሁ፣ በሚቀጥለው ወር አዲስ ፋይል ሲመጣ ያው ማክሮ «ራንታይም ኤረር 9፣ ሰብስክሪፕት አውት ኦፍ ሬንጅ» ብሎ ቀጥ የሚልበት ነገር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ማክሮ የሚባለውን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፣ ሌላው ደግሞ በየወሩ እንደ አዲስ ሪከርድ ያደርጋል፣ ሁለቱም ያሳዝነኛል ምክንያቱም ችግሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ሶስት መስመር በማስተካከል የሚፈታ ነው። ፕሮግራመር መሆን አይጠበቅባችሁም፣ ኮዱን ከፍቶ የማንበብ ድፍረቱ ብቻ ይኑራችሁ።

መጀመሪያ ሪከርደሩ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ሪከርደሩ የሚያየው እጃችሁን ነው፣ ሀሳባችሁን አያይም። እናንተ ያንን ፋይል ክሊክ ስታደርጉ በልባችሁ «የዚህ ወር ሪፖርት» ብላችሁ ነው፣ እሱ ግን «ሪፖርት_ጥር የሚባለውን ፋይል» ብሎ ነው የሚጽፈው። ቪቢኤ (ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ) ከኤክሴል 5 ጋር በ1993 እ.ኤ.አ. ከመጣ ጀምሮ ሪከርደሩ የሚጽፈው በዚሁ መንገድ ነው፣ ሊያውቅ የሚችለው ስሙን ብቻ ስለሆነ አይፈረድበትም። ፋይሉ በሥራችሁ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው፣ ዳታ የሚመጣበት ነው ወይስ ዳታ የሚገባበት፣ ያንን ልትነግሩት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። የዛሬው ወሬዬ ሁሉ ይቺ ነች፣ ፋይሉን በስሙ መጥራት ትታችሁ በሥራው ጥሩት።

አሁን አንድ ማክሮ አብረን እናንብብ። አልት እና ኤፍ11 ስትጫኑ ኤዲተሩ ይከፈታል፣ በግራ በኩል ሞጁልስ የሚለው ውስጥ ሞጁል1ን ደብል ክሊክ አድርጉ። እንዲህ ያለ ነገር ታያላችሁ፦

ዊንዶውስ("ሪፖርት_ጥር.ኤክስኤልኤስኤክስ").አክቲቬት
ሬንጅ("ኤ1:ኤፍ245").ሴሌክት
ሴሌክሽን.ኮፒ
ዊንዶውስ("ማስተር.ኤክስኤልኤስኤም").አክቲቬት
ሺትስ("ዳታ").ሴሌክት
ሬንጅ("ኤ2").ሴሌክት
አክቲቭሺት.ፔስት

ሰባት መስመር ነው። ስራው ምንድነው? ከአንዱ ፋይል ኮፒ አድርጎ ሌላው ላይ ፔስት ማድረግ፣ በቃ። ግን ስንት ስም ተጽፎበታል? የጥር ፋይል ስም አለ፣ የማስተሩ፣ ማለትም ዳታው የሚገባበት ፋይል፣ ስም አለ፣ የሺት ስም አለ፣ 245 የሚል የረድፍ ቁጥር አለ። የካቲት ሲመጣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይቆማል፣ ኤረር 9 ማለትም «ክፍት ከሆኑት ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ አላገኘሁም» ማለት ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ሪከርደሩ የጻፈው ወርክቡክስ ብሎ ሳይሆን ዊንዶውስ ብሎ ነው፣ ዊንዶውስ ሲል ደግሞ የሚፈልገው መስኮቱ አናት ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ኮምፒውተሩ የፋይል ኤክስቴንሽን እንዲደብቅ ከተደረገ አናቱ ላይ ያለው ስም ከኮዱ ላይገጥም ይችላል። «እኔ ጋ ይሰራል ጓደኛዬ ጋ ግን አይሰራም፣ ፋይሉ ያው ነው» የሚባለው አንዳንዴ ምክንያቱ ይሄ ነው። ስም የግድ መጥራት ካለባችሁ ወርክቡክስ ብላችሁ ከነኤክስቴንሽኑ ጥሩት፣ እሱ በሴቲንግ አይቀያየርም።

ወደ መፍትሄው። ኤክሴል ፋይልን ያለስም የምንጠራባቸው ሁለት ቃላት አሉት። አንዱ አክቲቭወርክቡክ ነው፣ አሁን ከፊት ያለው ፋይል ማለት ነው፣ ስሙ ምንም ይሁን። ሁለተኛው ዲስወርክቡክ ነው፣ ይሄ ኮድ የተቀመጠበት ፋይል ማለት ነው፣ ከፊት ቢሆንም ባይሆንም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል፣ ማክሮውን በሞከሩበት ቀን ሁለቱም ቃላት ያንኑ ፋይል ስለሚጠሩ ልዩነቱ አይታይም፣ ሌላ ቀን ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ከላይ ያለውን ማክሮ እንዲህ እናደርገዋለን፦

ዲም ሶርስ አዝ ወርክቡክ
ሰት ሶርስ = አክቲቭወርክቡክ
ሶርስ.ወርክሺትስ(1).ሬንጅ("ኤ1:ኤፍ245").ኮፒ ዲስወርክቡክ.ወርክሺትስ("ዳታ").ሬንጅ("ኤ2")

ምን ሆነ? መጀመሪያ ሶርስ የሚባል መያዣ አዘጋጀን። ቀጥሎ ከፊት ያለውን ፋይል ሶርስ ውስጥ ያዝነው። ከዛ በኋላ የትኛውም ፋይል ከፊት ቢመጣ ቢሄድ ሶርስ ያንኑ ፋይል ይዞ ይቆያል። ሶስተኛው መስመር ከሶርስ ኮፒ አድርጎ ኮዱ ያለበት ፋይል ላይ ያሳርፋል፣ ኮፒ ካለ በኋላ ስፔስ ሰጥታችሁ መድረሻውን እዛው መጻፍ ይቻላል፣ አክቲቬት እና ሴሌክት እያሉ ከፋይል ፋይል መዝለል አያስፈልግም። ሪከርደሩ ሴሌክት የሚያበዛው እናንተ በማውስ ስለሄዳችሁበት ነው፣ ኮዱ ግን ለመስራት ሴሌክት አያስፈልገውም።

ሰት የምትለዋን ቃል እንዳትረሷት፣ ፋይል ወይ ሺት ወይ ሬንጅ መያዣ ውስጥ ስታስገቡ የግድ ናት። እና ሰት ሶርስ የሚለው መስመር ከሁሉም በፊት ይሁን፣ ምክንያቱም ማክሮው መሃል ላይ ሌላ ፋይል ከከፈተ አዲስ የተከፈተው ከፊት ይመጣል፣ አክቲቭወርክቡክ የሚለው ትርጉሙ እዛው ይቀየራል። ዘግይታችሁ ከያዛችሁት የተሳሳተ ፋይል ነው የምትይዙት።

እዚህ ጋ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ማክሮውን የሚያስነሳ በተን ማስተሩ ላይ ካስቀመጣችሁ፣ በተኑን ስትጫኑ ከፊት ያለው ማስተሩ ራሱ ነው! ስለዚህ አክቲቭወርክቡክ እና ዲስወርክቡክ አንድ ይሆናሉ፣ ማክሮው ከራሱ ወደ ራሱ ኮፒ ያደርጋል። ይሄን ለመከላከል «ኢፍ ሶርስ ኢዝ ዲስወርክቡክ ዜን» ብላችሁ ሜሴጅ አሳይታችሁ እንዲወጣ አድርጉ። ወይ ደግሞ ማክሮውን ከበተን ሳይሆን ከኪቦርድ ሾርትከት አስነሱት፣ የዚህ ወር ፋይል ከፊት እያለ።

የተሻለው ግን ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ነው። ፋይል ምረጥ የሚል መስኮት ይምጣለት፣ ይምረጥ፣ ማክሮው የተመረጠውን ይክፈት፦

ዲም ፋይል አዝ ቫሪያንት
ፋይል = አፕሊኬሽን.ጌትኦፕንፋይልኔም("ኤክሴል,*.ኤክስኤልኤስ*")
ኢፍ ቫርታይፕ(ፋይል) = ቪቢቡሊያን ዜን ኤግዚት ሰብ
ሰት ሶርስ = ወርክቡክስ.ኦፕን(ፋይል)

ጌትኦፕንፋይልኔም ፋይሉን አይከፍትም፣ የተመረጠውን አድራሻ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፣ የሚከፍተው አራተኛው መስመር ነው። ሶስተኛውን መስመር ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ አትዝለሉት። ሰውየው ካንስል ቢል የሚመጣው አድራሻ ሳይሆን ፎልስ ነው፣ መያዣውን ስትሪንግ (ጽሁፍ ብቻ የሚይዝ) ብላችሁ ካወጃችሁት ደግሞ ፎልስ የሚል ጽሁፍ ሆኖ ይቀመጥና ኤክሴል ፎልስ የሚባል ፋይል ፍለጋ ይሄዳል፣ ኤረር 1004 ይመጣል። ለዛ ነው ቫሪያንት (ማንኛውንም አይነት ነገር የሚይዝ) ያልኩት። እና ወርክቡክስ.ኦፕን የከፈተውን ፋይል መልሶ እንደሚሰጣችሁ ልብ በሉ፣ በከፈታችሁበት መስመር ላይ ወዲያው ያዙት፣ ስሙን ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ስራው ሲያልቅም አክቲቭዊንዶው.ክሎዝ ከምትሉ ሶርስ.ክሎዝ ሴቭቼንጅስ:=ፎልስ በሉ፣ የትኛው ፋይል እንደሚዘጋ እርግጠኛ ትሆናላችሁ።

እሺ፣ እስካሁን ያየነው የሚታየውን ስም ነው። አሁን ወደተደበቁት ስሞች እንግባ፣ እኔን የሚያስጨንቁኝ እነዚህ ናቸው፣ ምክንያቱም ኤረር ሳያሳዩ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጧችሁ ይችላሉ።

ቪሉክአፕ አስቡ። ሪከርድ እያደረጋችሁ ፎርሙላ ጻፋችሁ፣ መፈለጊያውን ሌላ ፋይል ላይ በማውስ መረጣችሁ። ኮዱን ስታዩት የፎርሙላው ጽሁፍ ውስጥ በማዕዘን ቅንፍ የፋይሉ ስም አለ፣ ዝርዝር_ጥር ይላል። ይሄ በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሁፍ ስለሆነ ሶርስ ብላችሁ ሌላውን ሁሉ ብታስተካክሉም እሱ አይነካም። የካቲት ላይ ማክሮውን ስታስነሱ የጥር ፋይል ከሌለ ኤክሴል ፋይል ፈልግልኝ የሚል መስኮት ያመጣል፣ ያ ደህናው ነው፣ ቢያንስ ታውቃላችሁ። የጥር ፋይል በአጋጣሚ ክፍት ከሆነ ግን ምንም ኤረር የለም፣ ማክሮው ጸጥ ብሎ ይጨርሳል፣ የየካቲት ሪፖርት ላይ የጥር ቁጥር ተቀምጧል። ማን ያየዋል? ሪፖርቱ ተልኮ ውሳኔ ከተወሰነበት በኋላ አንድ ሰው ካላስተዋለው ማንም።

ማስተካከያው የፎርሙላውን ጽሁፍ ከሁለት ቆርጦ መሃሉ ላይ የፋይሉን ስም ከመያዣው ማምጣት ነው፣ ሶርስ.ኔም ብላችሁ በአምፐርሳንድ (&) ምልክት አያያዙት። ግን የፋይሉ ወይ የሺቱ ስም ስፔስ ካለበት ዙሪያውን ነጠላ ጥቅስ ይፈልጋል፣ ስሙ ራሱ ነጠላ ጥቅስ ካለው እሱ መደገም አለበት፣ እዚህ ጋ ሰው ይሰለቻል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፣ ሬንጁን ያዙና አድሬስ(ኤክስተርናል:=ትሩ) በሉት፣ ኤክሴል ራሱ ከነፋይል ስሙ ከነሺቱ ከነጥቅሱ ጽፎ ይሰጣችኋል። ሪከርደሩ የጻፈላችሁ ፎርሙላ አር1ሲ1 በሚባለው (ረድፉንም ኮለሙንም በቁጥር በሚጠራው) አጻጻፍ ከሆነ አድሬስ ውስጥም ሪፈረንስስታይሉን ኤክስኤልአር1ሲ1 ማለት አለባችሁ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ፎርሙላው አይገባም።

ሁለተኛው የተደበቀ ስም የሲኤስቪ ፋይል (ዳታው በኮማ እየተለየ የተጻፈበት ተራ የጽሁፍ ፋይል) ነው። ከሌላ ሲስተም ኤክስፖርት ስታደርጉ ብዙ ጊዜ የሚመጣላችሁ ሲኤስቪ ነው፣ ሲኤስቪ ስትከፍቱ ኤክሴል ለሺቱ የሚሰጠው ስም የፋይሉን ስም ነው። ስለዚህ ማክሮው ውስጥ ሺትስ("ኤክስፖርት_ጥር").ሴሌክት የሚል መስመር ይኖራል፣ ሰው የፋይሉን ስም አስተካክሎ «አሁንም ኤረር 9 ይላል» ብሎ ግራ ይገባዋል፣ ችግሩ ወደ ሺት ተዛውሮ ነው። የሺት ስም ከ31 ፊደል ስለማይበልጥ ደግሞ ረጅም የፋይል ስም ከሆነ ተቆርጦ ነው የሚቀመጠው፣ የፋይሉን ስም ኮፒ አድርጋችሁ ሺትስ ውስጥ ብትከቱት እንኳን አይገጥምም። ሲኤስቪ አንድ ሺት ብቻ ነው ያለው፣ ወርክሺትስ(1) በሉትና ተገላገሉ።

ያቺ 245ስ? ጥር ላይ 245 ረድፍ ነበር፣ የካቲት 310 ከሆነ 65ቱ ይቀራሉ፣ ይሄም ኤረር የለውም። የመጨረሻውን ረድፍ ፈልጉ፦ ሶርስ.ወርክሺትስ(1).ሴልስ(ሶርስ.ወርክሺትስ(1).ሮውስ.ካውንት, 1).ኤንድ(ኤክስኤልአፕ).ሮው። ከሺቱ ግርጌ ተነስቶ ወደ ላይ እየሄደ የመጀመሪያውን ባዶ ያልሆነ ሴል ያገኛል ማለት ነው። የሺቱን የረድፍ ብዛት በቁጥር አትጻፉት፣ ከኤክሴል 2007 ወዲህ 1,048,576 ነው፣ በድሮው ኤክስኤልኤስ ፎርማት የተቀመጠ ፋይል ከመጣ ግን 65,536 ብቻ ነው። ፒቮት ቴብል ሪከርድ ካደረጋችሁም ሶርስዳታ በሚለው ውስጥ ያው የሺት ስም እና የረድፍ ቁጥር ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ በዚሁ መንገድ ቀይሩት።

ሴቭአዝም አለ። ሪከርደሩ ሙሉ አድራሻውን ከነፎልደሩ ይጽፈዋል፣ የኮምፒውተራችሁ የተጠቃሚ ስም ሳይቀር ገብቶበት። ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ያ ፎልደር የለም። ሶርስ.ፓዝ ብላችሁ ፋይሉ ያለበትን ፎልደር አምጡ፣ መሃል ላይ አፕሊኬሽን.ፓዝሴፓሬተር፣ ስሙን ደግሞ ከቀኑ አውጡት። ፋይሉ ዋንድራይቭ ላይ ከሆነ ግን ፓዝ የሚሰጣችሁ የዌብ አድራሻ ሊሆን ይችላል፣ ፎልደር የሚያስሱ ትዕዛዞች እሱን አያውቁትም።

ማክሮውን የት ላስቀምጠው የሚለው እንግዲህ ይመጣል። በማንኛውም ፋይል ላይ እንዲሰራ ከፈለጋችሁ ሪከርድ ስታደርጉ «ስቶር ማክሮ ኢን» የሚለው ላይ ፐርሰናል ማክሮ ወርክቡክ ምረጡ። ፐርሰናል.ኤክስኤልኤስቢ የሚባል የተደበቀ ፋይል ይፈጠራል፣ ኤክሴል በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይከፈታል፣ ማክሮው ሁሌ እጃችሁ ላይ ነው። ግን ያልኳችሁን አስታውሱ፣ እዛ ውስጥ ዲስወርክቡክ ማለት ያ የተደበቀው ፋይል ራሱ ነው። ከማስተር ላይ የወሰዳችሁትን ኮድ እዛ ወስዳችሁ እንዳለ ከለጠፋችሁት ዳታ የሚባል ሺት እዛ ስለሌለ ይቆማል። ፐርሰናል ውስጥ የሚቀመጥ ማክሮ ከፊት ካለው ፋይል ጋር ብቻ የሚሰራ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ፎርማት ማስተካከል፣ ኮለም ማጥፋት፣ ሶርት ማድረግ የመሳሰለው።

አሁን ለእኛ ለአማርኛ ጸሀፊዎች የሚሆን ነገር። የፋይላችሁ ወይ የሺታችሁ ስም በግዕዝ ፊደል ከሆነ ሪከርደሩ የሚጽፈው ስም በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። የቪቢኤ ኤዲተር ዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘውን አሰራር) አይችልም፣ በዊንዶውስ የድሮ ኮድፔጅ (ጥቂት ፊደላትን ብቻ በሚይዝ ሰንጠረዥ) ነው የሚሰራው፣ ለግዕዝ ደግሞ እንደዛ አይነት ኮድፔጅ የለም። ስለዚህ ማክሮው በሚቀጥለው ወር ሳይሆን በዛው ቀን፣ በዛው ፋይል ላይ እንኳን አይሰራም። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ፋይሎቹን ሁሉ በላቲን ይሰይማል። አያስፈልግም! ስሙን ኮዱ ውስጥ እስካልጻፋችሁት ድረስ ኤክሴል ራሱ ከአማርኛ ስም ጋር ምንም ችግር የለበትም፣ አክቲቭወርክቡክ ይሰራል፣ ጌትኦፕንፋይልኔም የአማርኛ ስም ያለውን ፋይል በትክክል ያመጣል፣ ወርክቡክስ.ኦፕን ይከፍተዋል። ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ ዲር በሚባለው የቪቢኤ ትዕዛዝ እያሰሳችሁ ከሆነ ግን ዲርም የግዕዙን ስም በጥያቄ ምልክት ነው የሚመልሰው፣ በሱ ፈንታ ፋይልሲስተምኦብጀክት የሚባለውን ተጠቀሙ፣ እሱ ዩኒኮድ ያውቃል። ይሄን በደንብ ያዙልኝ፣ የራሳችንን ፊደል በፋይል ስም ላይ ከመጠቀም የሚያግደን ነገር የለም።

ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቱን ላስፍር።

አንዲት እህት «ዩዝ ሬላቲቭ ሪፈረንስስ የሚለውን በተን ብጫንስ አይፈታውም ወይ» ብላ ጠየቀች። አይፈታውም። እሱ የሴሎችን አድራሻ ነው የሚነካው፣ ኤ2 ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ካለህበት አንድ ወደ ታች ብሎ እንዲጽፍ ያደርጋል፣ የፋይልና የሺት ስም ግን እንዳለ ይጻፋል።

ሌላው «ፋይሉን ሁሌ በአንድ ስም ባስቀምጠውስ» አለ። ይሰራል፣ ለአንድ ሰው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይሰራል። ግን ኤክሴል አንድ አይነት ስም ያላቸውን ሁለት ፋይሎች በአንድ ጊዜ አይከፍትም፣ ያለፈውን ወር ከዚህ ወር ጋር ጎን ለጎን ለማየት ስትፈልግ ትቸገራለህ፣ የትኛው ፋይል የትኛው ወር እንደሆነ ከስሙ ማወቅም ይቀራል። ኮዱን አንዴ ማስተካከል ይሻላል።

ጉግል ሺትስስ ላለው፣ እዛ ሪከርደሩ ከ2018 ጀምሮ አለ፣ የሚጽፈው ጌትአክቲቭ ብሎ ስለሆነ የፋይል ስም አያስቸግርም፣ የሺት ስም ግን ያው ያስቸግራል፣ እና ማክሮው የሚቀመጠው ሪከርድ በተደረገበት ፋይል ላይ ብቻ ስለሆነ ሌላ ፋይል ላይ ከፈለጋችሁ ስክሪፕቱን ወደዛ ኮፒ ማድረግ አለባችሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ «አስተካክዬ እንደጨረስኩ በምን አውቃለሁ» የሚል ነበር። ኤዲተሩ ውስጥ ኮንትሮል እና ኤፍ ተጫኑና የድሮውን ፋይል ስም ፈልጉ፣ ከዛ የማዕዘን ቅንፍ ፈልጉ፣ ከዛ ነጥብ ኤክስኤልኤስን (.xls)። የቀረ ካለ ይወጣል። ቀጥሎ ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ስፔስ እና ነጠላ ጥቅስ ያለበት አስቸጋሪ ስም ስጡት፣ ሌሎቹን ፋይሎች በሙሉ ዝጉ፣ የድሮው ፋይል ክፍት እንዳይሆን በተለይ፣ ከዛ ኤፍ8 እየተጫናችሁ መስመር በመስመር አስኪዱት፣ ቢጫ የሆነው መስመር ቀጥሎ የሚሰራው ነው፣ ማውሱን ሶርስ ላይ ሳይሆን ሶርስ.ኔም ላይ ብታሳርፉ የያዘውን ፋይል ስም ያሳያችኋል። ኮፒ ላይ አድርጉት ያልኩት በምክንያት ነው፣ ማክሮ ሺት ላይ ለውጥ ካደረገ በኋላ ኮንትሮል ዜድ ወደ ኋላ አይመልስላችሁም።